ሐዊያን ስምንት ዓመት ያስረጀው ፎቶ

በአሶሳና በዙሪያዋ የበርታ ሠርግ የሚደግስ ቤት አቅሙ ከፈቀደ ሁለት ፎቶ አንሺ ይጠራል። አንደኛው ለወንዶቹ ዳስ ነው፤ እሱ ማንም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ለሴቶቹ ወገን ነው፤ እሱ ደግሞ እኔ ነኝ። ሙሽራዋ ሂና ስትቀባ፣ ቶብ የሚባለው ረጅም ልብሷ ሲጠቀለልላት፣ አክስቶቿ ጫማቸውን አውልቀው ሲጨፍሩ ወንድ ካሜራ አንጠልጥሎ አይገባም። የኔ እንጀራ ያለው እዚያ ነው። መናኸሪያ አካባቢ "ሰብለ ፎቶ" ብላችሁ ብትጠይቁ የማያውቀኝ የለም። የሚያውቀኝ ሁሉ ይወደኛል ማለቴ ግን አይደለም፤ የሰው አማት ላይ ሳይቀር "አገጭ ቀና፣ ሆድ ዋጥ!" እያልኩ የምጮህ ሴት ነኝ።

ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አደግኩ። በርታኛ ለሥራዬ የሚበቃኝን ያህል እችላለሁ፤ "ወዲህ ዙሪ፣ ሳቂ፣ አትንቀሳቀሺ" ካልኩ በኋላ ፎቶ አንሺ ሌላ ቋንቋ ምን ያደርግላታል?

ልነግራችሁ ያሰብኩት ነገር የሆነው ባለፈው ጥር በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ካሜራዬ አንድ ነገር እወቁልኝ። ደንበኞቼ ፎቶ ሲታተምላቸው ከሥሩ ቀኑ እንዲጻፍበት ይወዳሉ። ማተሚያው ቀኑን የሚወስደው ከካሜራው ነው። በፈረንጅ ቀን ያተምኩ ጊዜ "ይሄ ደግሞ የማን ቀን ነው?" እያሉ ይመልሱብኝ ነበር። ስለዚህ ካሜራዬን በኛ አቆጣጠር ሞላሁት። መስከረም አንደኛ ወር፣ ግንቦት ዘጠነኛ ወር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ካሜራውም ሁለት ሰዓት። ካሜራው በራሱ ፈቃድ ሠላሳ አንድ ቀን ሊቆጥር ሲል በየወሩ መባቻ በእጄ እመልሰዋለሁ። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አላውቅም ስለሚል፣ እሱም እኔም እናርፋለን። የከተማው ፎቶ አንሺዎች ሲስቁብኝ "የኔ ካሜራ የሚኖረው አሶሳ ነው" እላቸው ነበር። በዚህ ኮርቼ እንጂ አፍሬ አላውቅም።

እንግዲህ ያን ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ መስታወት ስወለውል ጋሽ አሕመድ ልጁን ሐዊያን አስከትሎ ገባ። ጋሽ አሕመድ ማንጎና ሰሊጥ የሚነግድ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የትልቋ ልጁን ሠርግ አምና ግንቦት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሐዊያ ታናሿ ናት። እሷን ደግሞ ያን ሰሞን የማያውቅ አልነበረም፤ ዕድሜያቸው ከአሥራ ሰባት በታች የሆኑ ሴቶች የእግር ኳስ ውድድር ላይ የጎረቤታችንን የባምባሲን ቡድን ከግማሽ ፍጻሜ ያሰናበተችው በሁለት ግብ ነው። ፍጻሜው በማግስቱ ነበር፤ ያሸነፈው ቡድን ክልሉን ወክሎ ይሄዳል።

"ሰላም ዐለይኩም፣ ያ ኡኽቲ" አለኝ ጋሽ አሕመድ። እህቴ ማለቱ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ዓይን ያያል። "ልጄ ሌባ ሆነ አሉ። ዕድሜ ሰረቀ አሉ። አንተ ያነሳህ ፎቶ መሰከረ አሉ።"

"የኔ ፎቶ?"

ሐዊያ ናት ያስረዳችኝ። "የባምባሲ ቡድን ክስ አስገባ፣ እትዬ ሰብለ። የእህቴ ሠርግ ፎቶ አላቸው። ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት የተነሳው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ፎቶው ላይ እንደዚሁ ነኝ፤ ረጅም። ስለዚህ አሁን ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመቷ ነው አሉ።" ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ ወደ በሩ ዞራ ቆመች።

መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ሠርጉ አምና ነው፤ ከተማው በሙሉ በልቶበታል። ጋሽ አሕመድ ግን አልሳቀም።

"ዛሬ ከሰዓት ኮሚቴ ይሰበሰባል። ዘመድም ሠርጉን የበላም ምስክር አይሆንም አሉ። የኒካ ወረቀት ከባልየው ጋር ቶንጎ ነው፤ ለዛሬ አይደርስም። የልደት ወረቀት ደግሞ ዘንድሮ ወጣ ብለው አላመኑም።" ወደ ልጁ እያየ ቀጠለ። "እኔ ኳስ ሐቅ ነው ስላሉኝ ፈቀድኩ። ልጄ ውሸታም ከተባለ ግን፣ ወላሂ፣ ከእንግዲህ ሜዳ አይረግጥም።"

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ሐዊያ ኳስ እንድትጫወት አባቷን የለመነው ግማሽ ሰፈር ነው። አስተማሪዋ፣ አጎቷ፣ የመስጊዱ ሽማግሌ ሳይቀሩ እግሩ ሥር ወድቀዋል። እሱም "ስሙ ካልተበላሸ ይሁን" ብሎ ነበር የፈቀደው። አሁን ስሟን ሊያበላሽ የተነሳው የኔ ፎቶ ነው። ሱቄን ዘግቼ፣ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተከተልኳቸው።

ኮሚቴው የተሰበሰበው አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። ሰብሳቢው አቶ ሙስጠፋ ናቸው፤ እርሳቸውም የበርታ ሰው፣ በትዕግሥታቸው የሚታወቁ ትልቅ ሰው። ከፊት ለፊታቸው ላፕቶፑን ከፍቶ የተቀመጠው የባምባሲ ቡድን አሠልጣኝ ከማል ነው። ከማል የኮምፒውተር አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ። ልጠላው አስቤ ነበር የገባሁት። ሲያየኝ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝና ጥላቻዬን አበላሸብኝ።

"ለሁላችንም ግልጽ እንዲሆን ከመጀመሪያው ላስረዳ" አለ ከማል። "የዲጂታል ፎቶ ከምስሉ ሌላ ውስጡ የተጻፈ ነገር አለው። ሜታዳታ ይባላል። መቼ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ካሜራ እንደተነሳ ካሜራው ራሱ ይጽፍበታል። ይሄ ፎቶ ከሙሽራዋ ቤት በፍላሽ ወደ ባምባሲ ዘመዶቻቸው የመጣ ነው። ማንም አልነካካውም። ውስጡ የተጻፈውን አብረን እንይ።"

አንድ ጊዜ ጠቅ ሲያደርግ ከምስሉ ጎን ጽሑፍ ተዘረገፈ። አቶ ሙስጠፋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። "ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ዘጠነኛው ወር... እንዴ! ይሄማ አምና ነው!"

"አይደለም፣ አቶ ሙስጠፋ" አለ ከማል በትሕትና። "ኮምፒውተር በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት በፈረንጅ፣ ዘጠነኛው ወር፣ በኛ መስከረም ሁለት ሺህ ዘጠኝ መግቢያ ነው።"

ክፍሉ "ኧረ ልክ ነው" በሚል ማጉረምረም ተሞላ። አቶ ሙስጠፋም አፈር አሉ። እኔ ግን ተቀምጬ የዘለልኩ ያህል ሆንኩ። ያን ያህል ዘመን ፎቶ ሳነሳ ቀኑ የሚኖረው ካሜራው ላይ፣ ቢበዛ የታተመው ወረቀት ላይ ይመስለኝ ነበር። እያንዳንዷ ፎቶ ሆዷ ውስጥ ይዛው እንደምትዞር ማን ነግሮኝ? ያሳደግኳት ልጅ ሸንጎ ላይ ቆማ የመሰከረችብኝ መሰለኝ።

"በኛ ነው!" አልኩ ተነሥቼ። "አቶ ሙስጠፋ፣ አምና ነው ማለትዎ ልክ ነበር! ካሜራዬ የተሞላው በኛ ቀን ነው!"

ከማል ዞር ብሎ አየኝ። "ካሜራ በኛ ቀን? ማን እንዲህ ያደርጋል?"

"እኔ! ይኸው፣ አሁን ላሳያችሁ!" ካሜራዬን ወደ ዓይኔ አደረግኩና ሳላስፈቅድ አቶ ሙስጠፋን አነሳኋቸው። ልማድ ሆኖብኝ "አገጭ ቀና" ማለቴን በኋላ ነው የነገሩኝ። ካርዱን አውጥቼ ለከማል ሰጠሁት። ላፕቶፑ ውስጥ ከተተው። ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ አምስተኛው ወር። ጥር! ሰዓቱም ስምንት፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት እንደሚለው።

"አያችሁ!" ብዬ ወደ ጋሽ አሕመድ ዞርኩ። ሰውየው ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም።

ከማል ግን አገጩን አሻሸ። ከዚያ የተናገረው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

"እትዬ ሰብለ፣ እርስዎን ውሸታም ማለቴ አይደለም። ግን ክሱን የሰሙት ጠዋት ነው። ካሜራ ላይ ቀን ለመቀየር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?"

"ምንም" አልኩ፣ እውነቱን።

"ኮምፒውተርዎ ላይ ያለ ፎቶስ? የፋይል ቀን ይቀየራል፤ ውስጡ ያለውም ይቀየራል። እኔ ራሴ ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። ስለዚህ ዛሬ ከእናንተ በኩል የሚመጣ ፋይል ሁሉ ማስረጃ አይሆንም። የኛም እንዲሁ፣ ዛሬ ብንሠራው። ይሄ ፎቶ ግን ክስ ከመኖሩ በፊት የወጣ ነው።"

ትክክል ነበር። የተናደድኩትም ትክክል ስለነበረ ነው። ካሜራዬም ከሰው እጅ የገዛሁት አሮጌ ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን አልነበረም ብሎ የሚያድነኝ እንኳ አልነበረም። አቶ ሙስጠፋ እስክሪብቷቸውን አነሱ። ጋሽ አሕመድ ጎንበስ ብሎ ለሐዊያ በበርታኛ የሆነ ነገር አላት። ቃሉን ሁሉ አልያዝኩትም፤ "ቤት" የሚለውን ግን ያዝኩ። ልጅቷ አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከትታ ተቀመጠች። ያ ከለቅሶ ይልቅ ጎዳኝ።

"አንድ ጊዜ" አልኩ። "የኔን ተዉት። የናንተኑ ፎቶ እንደገና ክፈቱልኝ። ሰዓቱ ስንት ይላል?"

ከማል ከፈተው። "አራት ሰዓት ከአሥር። ጠዋት ነው የሚለው።"

"በፈረንጅ ከሆነ በኛ ስንት ነው?"

በጣቶቹ ቆጠረ። "ሌሊት... አሥር ሰዓት ከአሥር።"

"ሌሊት አሥር ሰዓት አሶሳ ላይ እንዲህ ያለ ፀሐይ አለ?"

ሰው ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ተንጠራራ። ሙሽራዋ በቀይ ቶቧ ፀሐዩ መሐል ዓይኗን ጨፈን አድርጋለች። ሐዊያ ከጎኗ ቆማለች፤ ጥላቸው እግራቸው ሥር ተጥሏል። አንድ ሰው ሳቀ። ከማል አልሳቀም፤ እያሰበ ነበር። ይህን ሰው የወደድኩት ያኔ ነው መሰለኝ፣ ገና እየተከራከርኩት።

"ሰዓቱ የተሳሳተ ነው፤ እቀበላለሁ" አለ። "ግን ሰዓቱ መሳሳቱ ዓመቱን አይነግረንም። ብዙ ሰው ቀኑን በትክክል ሞልቶ ሰዓቱን ይስታል።"

ደግሞም ትክክል ነበር! መሬት ብትሰነጠቅ እገባባት ነበር።

ያን ጊዜ ነው አቶ ሙስጠፋ "እስቲ ቆይ፣ ከፍ አድርገው" ያሉት። ከማል ምስሉን ከፍ አደረገው። "እሷን አይደለም። ሐዊያን ተዋት። ከኋላቸው ያለውን።"

ከኋላቸው ያለው ዛፍ ነበር። እኛ ሁላችን ከጠዋት ጀምሮ የልጅቷን ፊት ስናይ ዛፉን ያየው የለም። አሶሳ ውስጥ ከሰው ጀርባ ማንጎ መቆሙን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል? ምስሉ ሲጎላ ግን ቅርንጫፉ በቢጫ ፍሬ ጎብጦ መሬት ሊነካ ደርሷል። ከሥሩ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሕፃናት እስከ ክንዳቸው በማንጎ ጭማቂ ተለቅልቀዋል። የአንዷ አገጭ ያብረቀርቃል።

አቶ ሙስጠፋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "መምህር ከማል፣ አንተ የባምባሲ ልጅ ነህ። ወሩን በፈረንጅ ከቆጠርነው መስከረም ነው አልከን። በመስከረም በኛ አገር የበሰለ ማንጎ በልተህ ታውቃለህ?"

ከማል ዛፉን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። "አላውቅም" አለ።

"የማንጎ ወራችን መቼ ነው?"

"ግንቦት።"

"ግንቦት በኛ ስንተኛ ወር ነው?"

"ዘጠነኛ።"

"እንግዲህ ወሩ በኛ ነው። ሰዓቱም በኛ ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ፀሐዩም ልክ ነው። ወሩም ሰዓቱም በኛ ሆኖ፣ ዓመቱ ብቻውን ፈረንጅ ሊሆን ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የማየው ከማልን ነበር። አሁንም አንድ "ግን" ካመጣ ጥርሴን እነክስበታለሁ ብዬ። ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነው። ተነሣና ሐዊያ ፊት ሄዶ ቆመ።

"ይቅርታ፣ እህቴ። ቡድኔ ስለተሸነፈ ሳይሆን እውነት መስሎኝ ነው። ክሱን አንስቻለሁ።" ከዚያ ወደ ጋሽ አሕመድ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ጋሽ አሕመድ እጁን ለመያዝ ጊዜ ወሰደ። ያዘው ግን፤ ከያዘውም በኋላ ቶሎ አልለቀቀውም።

"ነገ ይጫወታል?" ብሎ ጠየቀ አቶ ሙስጠፋን።

"ትጫወታለች" አሉት።

ፍጻሜውን አሸነፉ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አሸነፉ። ሐዊያ ግን አንድም ግብ አላገባችም፤ ያን ቀን እግሯ ፈዞ ነበር። ግቧን ያገባችው ተከላካይ ናት፣ እሷም ሳታስበው በጉልበቷ። ኳስ እንዲህ ነው።

ለኔ ግን ነገሩ እዚያ አላበቃም። በሳምንቱ ከማል ሱቄ መጣ። ሊከራከረኝ መስሎኝ ካሜራዬን ደረቴ ላይ አቀፍኩ።

"እትዬ ሰብለ፣ ይሄ ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ አንድ ነገር ላሳይዎት" አለ።

"ካሜራዬን ፈረንጅ አላደርግም!"

"ፈረንጅ ያድርጉትና የኛን ይርሱ አላልኩም። ካሜራው ዓለም በሚቆጥረው ይቁጠር፤ የኛን ቀን ደግሞ እርስዎ በእጅዎ ፎቶው ውስጥ ይጻፉበት። ቀኑን ብቻ አይደለም። ማን እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደተነሳች፣ ማን እንዳነሳት። አንዴ ከተጻፈ ፋይሉ በሄደበት አብሮ ይሄዳል።"

ኮምፒውተሬ ላይ ቁጭ ብሎ አሳየኝ። የመጀመሪያውን የጻፍነው በዚያው በሙሽራዋ ፎቶ ላይ ነው። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ "አሶሳ፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም." ብዬ ጻፍኩ። ፎቶ አንሺ በሚለው ቦታ ላይ "ሰብለ" ብዬ ጻፍኩና ደግሜ አነበብኩት። ስንት ሺህ ፊት አንስቼ ስሜ የተጻፈበት አንድ ፎቶ አልነበረኝም። የማተሚያው ነገር ደግሞ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ከፎቶው ሥር የሚታተመውን ከካሜራው ቀን ሳይሆን እኔ ከጻፍኩት እንዲወስድ አስተካከለልኝ። ካሜራዬ እንግዲህ በፈረንጅ ይቆጥራል። ጳጉሜን ላይም አላርፍም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲቀዘቅዝ የድሮ ሠርጎችን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ስም እጽፋለሁ። የማላውቀውን ባለቤቶቹን ጠርቼ እጠይቃለሁ። እናቶች ጎኔ ተቀምጠው "ይቺ እገሊት ናት፣ ይቺ ደግሞ አርፋለች፣ አላህ ይማራት" ይሉኛል፤ እጽፋለሁ። አንዲት ሴትዮ የሞተች እህቷን ስም ብቻ ስትነግረኝ ፈልጌ በአንድ አፍታ ሦስት ፎቶ አወጣሁላት። ያንን ስም ቀደም ሲል ሌላ ሰው ነግሮኝ ጽፌው ስለነበረ ነው። ሴትዮዋ ስክሪኑን በእጇ ነካችው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ምን ይደረጋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ነገር ሳይመጣባችሁ ስልካችሁንና ካሜራችሁን እዩ። ቀኑ ልክ ነው? ፎቶውን ለሰው ስትሰጡ ማን መሆኑ ውስጡ ተጽፏል? በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላካችሁት ውስጡ ያለው ጽሑፍ ተራግፎ ይቀራል፤ እንደ ፋይል ላኩት። ምስሉን የልጅ ልጆቻችሁ ያዩታል፤ ስሙን ግን ካልጻፋችሁላቸው ከየት ያመጡታል? ደግሞ ሰው ስትከሱም ስትከሰሱም፣ ፊቱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውንም እዩ።

ቡድኑ ወደ አገር አቀፉ ውድድር ከመሄዱ በፊት ጋሽ አሕመድ ሐዊያን ይዞ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ከልጁ ጎን ቆሞ መነሣት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሐዊያ የቡድኗን መለያ ለብሳለች። አነሳኋቸው። አገጭ ቀና አላልኩም፤ አላስፈለጋቸውም።

"አሁን ውስጡ ጻፍ" አለኝ ወንበር ስቦ ኮምፒውተሩ ጎን እየተቀመጠ።

"ምን ልጻፍ፣ ጋሽ አሕመድ?"

"ሐዊያ አሕመድ። አሶሳ። ዕድሜው አሥራ ስድስት። አባቱ እኔ ነኝ፣ እኔ መሰከርኩ በል።"

ጻፍኩ። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አልተነሣም። ሐዊያ ወደ በሩ ሄዳ "አባ፣ መኪናው ሊሄድ ነው" አለችው። እጁን አንስቶ አቆማት።

"አንድ ቀረ" አለኝ። ይህ ሰው ስለ ልጁ አጨዋወት አንድ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ፈቀደ እንጂ ሜዳ ሄዶ አላያትም ብለን ነበር ሁላችንም የምናስበው።

"አጥቂ ነው፣ ጻፍ። በግራ እግርም በቀኝ እግርም ይመታል፣ ጻፍ። እኔ ከአጥር ውጭ ቆሜ አይቻለሁ።"

ሐዊያ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ቃል በቃል ጻፍኩት።